የሴሉን ምንጭ ብቻ ሳይሆን ንጣፉንም እንጠይቅ



በጀመዓችን ውይይት ላይ "ስቴም ሴል" የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር ጥያቄው ወዲያው አንድ ይሆናል፦ ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ከዚያ አለማለፋችን ነው። አንዱ ስለ ሽል ያነሳል፣ ሌላው ስለ ክሎኒንግ ይጠይቃል፣ ኡስታዙ ያብራራሉ፣ የሶላት ሰዓት ይደርስና እንበተናለን። በቴሌግራም የሚዘዋወረው መልእክት ግን ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ግራፊን የሚባል ተአምረኛ ቁስ ላይ ያደገ ስቴም ሴል የተበጠሰ ነርቭ ይቀጥላል፣ ያለቀ የጉልበት አጥንት ይተካል፤ ውጭ አገር ያለ አንድ ክሊኒክ ሕክምናውን ጀምሯል፤ ለአንድ ወንድማችን ይህን ያህል ብር ጎድሏል፤ ለአላህ ብላችሁ አግዙ።

በዚህ ጽሑፍ የምንለው ይህን ነው። ሴሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው መልስ አግኝቷል። አሁን መጠየቅ ያለበት ሴሉ ምን ላይ አደገ፣ ያ ነገር ወደ ሰው ገላ ሲገባ ምን እንደሚያደርግስ ማን አረጋገጠ የሚለው ነው። ይህ ሳይጠየቅ ጀመዓው ለእንዲህ ዓይነት ሕክምና ሰደቃ መሰብሰብ የለበትም ብለን እናምናለን። ብዙዎቻችሁ ይህ ጭካኔ እንደሚመስላችሁ እናውቃለን፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምንጩን ጉዳይ ባጭሩ እንጨርሰው። የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በዲሴምበር 2003 መካ ላይ ባካሄደው 17ኛ ጉባኤው ስቴም ሴልን ተመልክቷል። ከአዋቂ ሰው በፈቃዱና ሳይጎዳ፣ ከሕፃን በአሳዳጊው ፈቃድ፣ ከእንግዴ ልጅና ከእትብት ደም፣ በራሱ ጊዜ ከወረደ ጽንስ መውሰድን ፈቅዷል። መካን ለሆኑ ጥንዶች በላብራቶሪ ተዘጋጅተው ከተረፉ ሽሎችም ወላጆቹ ከፈቀዱ ይቻላል ብሏል። ያለ ሕክምና ምክንያት ሆን ተብሎ ከተወረደ ጽንስና በክሎኒንግ ከተሠራ ሽል መውሰድን ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ላይ አንድ ነገር አሳዩ፤ ተራ የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት ሊመለስ ይችላል። በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። ግራፊን ላይ ከሚሞከሩት ሴሎች ብዙዎቹ ከአዋቂ ሰው መቅኔ፣ ከስብ፣ ከእትብት ወይም እንዲህ ካለ የተመለሰ ሴል የመጡ ናቸው። በምንጭ ረገድ ከዑለማዎቻችን ውሳኔ ጋር የሚጋጭ ነገር ብዙም አናገኝባቸውም።

አሁን ወደ ንጣፉ። ስቴም ሴል ገና ሥራውን ያልመረጠ ሴል ነው፤ ግንደ ሕዋስ የሚሉትም አሉ። ራሱን ያባዛል፣ ሲታዘዝ ደግሞ አጥንት፣ ስብ፣ ጡንቻ ወይም ነርቭ ይሆናል። ትእዛዙ ከየት ይመጣል ሲባል፣ ለረጅም ጊዜ የሁሉም ዓይን ሴሉ የተነከረበት ፈሳሽ ላይ ነበር። በ2006 አዳም ኤንግለርና ዴኒስ ዲሸር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት ጥናት ዓይኑን ወደ ታች አወረደው። ከሰው መቅኔ የተገኙ አንድ ዓይነት ስቴም ሴሎችን ልስላሴያቸው በተለያየ ጄሎች ላይ አስቀመጡ። እንደ አንጎል ለስላሳ በሆነው፣ ከ0.1 እስከ 1 ኪሎፓስካል በሚለካው ላይ ሴሎቹ የነርቭ ጠባይ አሳዩ። እንደ ጡንቻ ከ8 እስከ 17 ኪሎፓስካል በሆነው ላይ ወደ ጡንቻ አዘነበሉ። ከ25 እስከ 40 በሆነው ጠንካራ ጄል ላይ ወደ አጥንት ሄዱ። ፈሳሹ አንድ፣ ሴሉ አንድ፤ የተለየው ከሥር የተነጠፈው ብቻ ነው። ሴል የቆመበትን ይዳስሳል፤ ይጎትተዋል፣ ምን ያህል እንደሚቋቋመው ይለካል፣ በዚያ መሠረት ይወስናል። ይህን ያነበበ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ባዮሎጂ የእኔ ጉዳይ አይደለም ሊል አይችልም።

ግራፊን ወደዚህ ታሪክ የገባው በዚህ በር ነው። በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ግራፋይት ተነባብሮ የተቀመጠ ካርቦን ነው፤ ከዚያ ንብርብር አንዱ ብቻ ሲነጠል ግራፊን ይባላል። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነጠሉት በተራ ፕላስተር ነበር፤ ግራፋይቱ ላይ እየለጠፉና እየላጡ። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ውፍረቱ 0.34 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ አቶም ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እንደ ቀጭን ወረቀት ይተጣጠፋል፣ ሲስቡት ግን ለመበጠስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን የሚውጠው 2.3 በመቶ ብቻ ስለሆነ ከላዩ ያለውን ሴል በማይክሮስኮፕ ለማየት አያስቸግርም። ሴል ለሚያሳድግ ሰው ይህ ሁሉ ባንድ ላይ መገኘቱ የሚያጓጓ ነው።

ውጤቱም ተከተለ። በ2011 ከሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጽሑፎች ወጡ። በመጀመሪያው፣ በግራፊን በተሸፈነ መስታወት፣ ፕላስቲክና ሲሊከን ላይ የተቀመጡ የሰው መቅኔ ስቴም ሴሎች በፍጥነት ወደ አጥንት ሴልነት ተለወጡ። ፍጥነቱ ለዚሁ ተግባር ከሚጨመር የእድገት ፕሮቲን ጋር የሚወዳደር ነበር፤ ያ ፕሮቲን ደግሞ ውድ ነው። በዚያው ዓመት ከሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የነርቭ ስቴም ሴሎች በግራፊን ላይ ከመስታወት ይልቅ ብዙ ነርቭ እንደሚሰጡ አሳየ። በቴሌግራም የምናየው ወሬ ዘሩ እዚህ ነው። ዘሩ እውነት ነው፤ ይህን መካድ አንፈልግም።

ግን የሲንጋፖሩን ሁለተኛ ጽሑፍ የሚያስተላልፍልን የለም። እኛ ደግሞ የበለጠ የምንወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም "ለምን?" ብሎ ይጠይቃል። ቀላሉ መልስ ግራፊን ጠንካራ ስለሆነ ነው የሚል ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ ሌላ ነገር አገኙ። ሴልን ወደ አጥንት ለመምራት ፈሳሹ ውስጥ ዴክሳሜታዞን ይጨመራል፤ በኮቪድ ጊዜ ስሙን የሰማነው መድኃኒት ነው። ግራፊኑ ይህን መድኃኒት ከፈሳሹ እየሳበ ገጹ ላይ ያከማቻል፤ ልክ ሴሉ በተቀመጠበት ቦታ። ሴሉ ከሌላው በላይ የተሰጠው ትእዛዝ ሳይኖር፣ ትእዛዙ እግሩ ሥር ተከመረለት። ታዲያ ወደ ስብ ለመምራት ሲሞከር ምን ሆነ? ለዚህ ኢንሱሊን ያስፈልጋል። ግራፊኑ ኢንሱሊኑንም ሳበ፤ ሲይዘው ግን ቅርጹን አዛባው፤ ቅርጹ የተዛባ ኢንሱሊን ሥራ አይሠራም፤ ስብ የመሆኑ ሂደት ተዳከመ። ግራፊን ኦክሳይድ የሚባለው፣ ኦክስጅን ያለበት ዘመዱ ደግሞ ኢንሱሊኑን በሌላ መንገድ ስለሚይዝ ቅርጹን አላበላሸም፤ ስብም በደህና ተሠራ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። "ግራፊን ለስቴም ሴል ጥሩ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ከዚህ በኋላ ትርጉም አለው? ለአንዱ ትእዛዝ ረዳት፣ ለሌላው እንቅፋት ነው። ጥሩነቱም የተገኘው በሳሕኑ ውስጥ ሰው ከጨመረው መድኃኒት ጋር ነው። በሰው ገላ ውስጥ ዴክሳሜታዞን የጨመረ ተመራማሪ የለም፤ ደም አለ፣ ደም ውስጥ ደግሞ አልቡሚንን ጨምሮ እልፍ ፕሮቲን አለ፤ ሴሉ ገና ሳይደርስ ገጹን የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። ሳሕኑ የነገረን ስለ ሳሕኑ ነው። ይህ ጥናቱን ማጣጣል አይደለም፤ ጽሑፉን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ያወቁትን ማወቅ ነው።

ደግሞም "ግራፊን" የሚባለው አንድ ነገር አይደለም። ንጹሑን ንጣፍ የሚሠሩት የመዳብ ቅጠልን ወደ 1000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ከሚቴን ጋዝ ጋር በማገናኘት ነው፤ ካርቦኑ መዳቡ ላይ ይነጠፋል፣ ከዚያ ከላይ ፕላስቲክ ይቀባና መዳቡ በኬሚካል ይሟሟል። የመዳብ ወይም የፕላስቲክ ቅሪት ከቀረ ሴሉ የሚነካው እሱንም ነው። ግራፊን ኦክሳይድ በሌላ መንገድ ይሠራል። በ1958 በወጣውና ሀመርስ በተባለው ዘዴ ግራፋይት፣ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ናይትሬትና ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ይበቃሉ። (የኬሚስትሪ ወንድሞች፣ ይህን አንብባችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ፐርማንጋኔትና የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ሙቀቱ ካልተጠበቀ ይፈነዳል።) ዘዴው ቀላል በመሆኑ በብዙ ላብራቶሪ ይሠራል፤ የአንዱ ምርት ግን ከሌላው በኦክስጅን መጠን፣ በቁራጮቹ ስፋትና በንጽሕና ይለያያል። የአንዱን ውጤት ለሌላው ምስክር ማድረግ አይቻልም።

ንጣፍና ብናኝም አንድ አይደሉም። ሳሕን ላይ የተለጠፈ ገጽ ከቦታው አይነሳም፤ ተሰብሮ ወይም ተልጦ ሴል ውስጥ የገባ ቁራጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 ከቴህራን የሻሪፍ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የግራፊን ቁራጮችን በተለያየ ስፋት አዘጋጅተው በሰው ስቴም ሴሎች ላይ ሞከሩ። አሥር ናኖሜትር አካባቢ የሆኑት ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እጅግ ባነሰ መጠን ሴሎቹን ጎዱ፤ የዘር ቅንጣታቸውን ሳይቀር። በሌላ በኩል በ2024 በኤዲንብራ 14 በጎ ፈቃደኞች በጥንቃቄ የተሠራ ቀጭን ግራፊን ኦክሳይድ በትንሽ መጠን ተነፈሱ፤ በክትትሉ ጊዜ ጉልህ የአጭር ጊዜ ጉዳት አልታየባቸውም። ሁለቱም ውጤቶች እውነት ናቸው። ስፋቱ፣ መጠኑ፣ ንጽሕናውና የገባበት መንገድ ሳይነገር "መርዝ ነው" ወይም "መድኃኒት ነው" የሚል ሰው ገና ምንም አልነገረንም።

መርዝ ነው ማለትስ መቼ ቀረብን? በ2021 በኮቪድ ክትባት ውስጥ ግራፊን ኦክሳይድ አለ የሚለው ወሬ ስንቱን አስፈራ። በይፋ የወጣው የክትባቶቹ ይዘት ዝርዝር ግራፊን የለበትም። ያኔ ግራፊን ብሎ ያስፈራን ስልክ ዛሬ ግራፊን ብሎ ብር ይጠይቀናል። ያኔም አሁንም የጎደለው አንድ ነው፤ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው።

ሳይነበብ ሲቀር ምን እንደሚሆን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ቀጥሎ የምናነሳው ግራፊን ያልነበረበት ታሪክ ነው፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ሰው ሠራሽ ገጽ፣ በላዩ ስቴም ሴል። በ2011 አይስላንድ ውስጥ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን ይከታተል የነበረ ኤርትራዊ ተማሪ የመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ዕጢ ነበረበት። የልጆች አባት ነው። ወደ ስቶክሆልም ተላከ። እዚያ ካሮሊንስካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፓኦሎ ማኪያሪኒ ለንደን ውስጥ የተሠራ የፕላስቲክ ቧንቧ ከተማሪው መቅኔ በተወሰዱ ሴሎች ለአንድ ቀን ተኩል ያህል አስነክረው በሰኔ ወር ደረቱ ውስጥ ተከሉት። ሴሎቹ ፕላስቲኩን ሕያው ቧንቧ ያደርጉታል ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። በኅዳር ዘ ላንሴት የተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሔት ሪፖርቱን አወጣ።

ፕላስቲኩ ሕያው አልሆነም። እንዲህ ያለው ቧንቧ በሰው ከመተከሉ በፊት በእንስሳት ላይ በወጉ አልተሞከረም ነበር። ያ ተማሪ በጥር 2014 ሞተ። በዚያው ሆስፒታል ተመሳሳይ ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሞቱ፤ አንዷ ከቱርክ የመጣች ወጣት ነበረች። ነገሩን ያወጡት በዚያው ተቋም የሚሠሩ አራት ሐኪሞች ናቸው። ያደረጉት ነገር ቢነገር ተራ ይመስላል፤ የበሽተኞቹን መዝገብ ከታተመው ጽሑፍ ጎን አስቀምጠው አነበቡ። አልተገጣጠመም። መጀመሪያ የሰማቸው አልነበረም፤ እንዲያውም ጫናው በእነሱ ላይ ነበር። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማኪያሪኒን በከባድ አካል ጉዳት ሁለት ዓመት ተኩል እስራት ፈረደባቸው፤ ላንሴትም ጽሑፉን የሰረዘው በዚያው ዓመት ነው። ከቀዶ ጥገናው እስከ ስረዛው 12 ዓመት።

ያ ተማሪ እንደኛው ከአገሩ ርቆ የሚማር፣ በሳይንስ የሚያምን ሰው ነበር። ስለ ስቴም ሴል ሐላልነት ቢጠየቅ ከራሱ መቅኔ በራሱ ፈቃድ የተወሰደ ነውና መልሱ አያከራክርም። የገደለው የሴሉ ምንጭ አልነበረም።

ትክክለኛው መንገድ ደግሞ አለ፤ እሱን ሳንናገር ብናልፍ ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል። ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ የተባሉ ጣልያናውያን ተመራማሪዎች በ1997 በኬሚካል የተቃጠለ ዓይን ያላቸውን ሁለት ሰዎች ማከማቸውን አሳወቁ። ከደህናው ዓይን ጠርዝ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ስኩዌር የምትሆን ቁራጭ ወስደው ስቴም ሴሎቹን አበዙ፤ በተጎዳው ዓይን ላይ መልሰው ተከሉ። በኋላ ሴሎቹ የሚነጠፉበት ገጽ ፋይብሪን ሆነ፤ ስንቆስል ደማችንን የሚያረጋው ፕሮቲን ራሱ፤ ሰውነት የሚያውቀውና ሥራውን ሲጨርስ የሚያሟሟው። በ2010 የ112 ሕሙማንን ውጤት አወጡ፤ በ76.6 በመቶው ዓይን ላይ ዘለቄታ ያለው ለውጥ ተገኘ፤ ያልተሳካላቸውንም ቆጥረው ጻፉ። የአውሮፓ ኅብረት በቅድመ ሁኔታ የፈቀደው በ2015 ነው። ከሁለት ሰው እስከ ፈቃድ 18 ዓመት። ማኪያሪኒም ጣልያናዊ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ የዜግነትም የሥልጣኔም ጉዳይ አይደለም።

ግራፊን በዚህ መንገድ ላይ ገና ጅምር ላይ ነው። በግራፊን ላይ ያደገ ስቴም ሴል ለሕሙማን እንዲሸጥ የፈቀደ የመድኃኒት ባለሥልጣን የለም። ስለዚህ ዛሬ ይህን እየሸጠ ያለ ክሊኒክ ካለ፣ የሚሸጠው ያልተፈቀደ ነገር ነው። ከንጣፉም ውጭ ቢሆን የስቴም ሴል ገበያ ምን እንደሚያደርስ በ2017 ከአሜሪካ ፍሎሪዳ የወጣው ሪፖርት ያሳያል። ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ "ስቴም ሴል" ሁለቱም ዓይናቸው ውስጥ ተወግተው እይታቸውን አጡ። ሕክምናው በመንግሥት የምርምር መዝገብ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ነበር። መመዝገብ መፈቀድ አይደለም፤ ይህን ሁላችሁም ያዙልን።

አሁን ወደ ሰደቃው። "ተስፋ ለቆረጠ ሰው ተስፋ መንፈግ የእኛ ሥልጣን ነው ወይ?" የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ቤተሰቡ አልቅሶ ሲመጣ ስለ ናኖሜትር ማውራት ልብ ይሰብራል። ነገር ግን የምናዋጣው ብር የእኛ አይደለም። ከኪስ ገንዘቧ ቀንሳ 20 ብር ያስገባች የአንደኛ ዓመት እህት ለበሽተኛ ሰጠች እንጂ ለማስታወቂያ አልሰጠችም፤ ያ ብር በእጃችን አማና ነው። ፉቀሃዎች ጉዳትን መከላከልን ጥቅም ከመፈለግ እንደሚያስቀድሙ በሐለቃ የተማርነው ለፈተና አይደለም። ሰበብ ማድረስም ግዴታ ነው የሚል ካለ እንስማማለን፤ ሰበብ የሚባለው ግን እንደሚሠራ የታወቀ ነገር ነው። ዓይን የሚያጠፋ መርፌም ተስፋ ተብሎ ነበር የተሸጠው።

እንዳይምታታ አንድ ነገር እንለይ። ለደም ካንሰር የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ የስቴም ሴል ሕክምና ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ተፈትኖ የታወቀ ነው፤ ዶናል ቶማስ በ1990 ኖቤል የተሸለሙበት ነው። ለዚህ እርዳታ ሲጠየቅ ጀመዓው አንድ ቀን እንኳ ማመንታት የለበትም። ስቴም ሴል የሚል ቃል በሰማን ቁጥር የምንደነግጥ እንድንሆን አይደለም የምንጽፈው። ላልተረጋገጠው ሕክምና ብር ለሚጠይቀውም ቤተሰብ በር አንዝጋ፤ ለመኝታ፣ ለትራንስፖርት፣ ለማስታገሻ፣ ለአስታማሚ፣ ሌላ ሐኪም ለማማከር ብር ያስፈልገዋል። ለዚያ እንሰብስብ። ክሊኒኩ ለሚጠይቀው ክፍያ ግን አንሰብስብ። በእውነተኛ ሙከራ ውስጥ የገባ በሽተኛ ለሚሞከርበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም፤ ብዙ ሺህ ዶላር አስቀድመህ ክፈል ሲባል ብቻውን ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል።

የምንጠይቀው የሚከብድ አይደለም። የሰደቃ ኮሚቴው ፖስተር ከመለጠፉ በፊት የክሊኒኩን ወረቀት ከሕክምና፣ ከፋርማሲና ከባዮቴክኖሎጂ ለመጡ ከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ይስጥ። ሁለት ቀን ይበቃቸዋል። ሴሉ ምን ላይ እንዳደገ፣ በየትኛው እንስሳ ከዚያም በስንት ሰው እንደተሞከረ፣ ያልተሳካላቸው ሰዎች ቁጥር የት እንደተጻፈ፣ የትኛው አገር ባለሥልጣን እንደፈቀደው ይፈልጉ። መልስ የሌለበትን ለቤተሰቡ ፊት ለፊት፣ በአክብሮት፣ ትልቅ ሰው ባለበት ይንገሩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጨካኝ እንደሚባል እናውቃለን፤ የስቶክሆልሞቹ አራት ሐኪሞችም ሲነቀፉ ነበር።

የሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎቻችንስ? ይህ መስክ ኬሚስት ይፈልጋል፣ የቁሳቁስ መሐንዲስ ይፈልጋል፣ ሴል የሚያሳድግ ይፈልጋል፤ የአንዱ ትምህርት ክፍል ሰው ብቻውን አይጨርሰውም። በጀመዓችን ደግሞ እነዚህ ሁሉ ባንድ ሰፍ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሶላት ሲያልቅ ተሰላምተው ይለያያሉ። በየሳምንቱ ከምንሰበሰብባቸው ቀናት አንዱን በወር አንድ ጊዜ ለአንድ የሳይንስ ጽሑፍ ንባብ እንድናደርገው ሐሳብ እናቀርባለን። ለመጀመሪያው ቀን የ2011ዱን የሲንጋፖር ሁለተኛ ጽሑፍ መርጠናል። ስለ ኢንሱሊኑ የሚናገረውን ክፍል የፋርማሲ እህቶች፣ ስለ ንጣፉ አሠራር የኬሚስትሪ ወንድሞች ቢያዘጋጁልን ደስ ይለናል፤ ፈቃደኛ የሆነ ስሙን ለትምህርት ክፍሉ አሚር ያስመዝግብ።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።